ጓሮና የቤት ጉልበት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ግንቦት ተጋምሷል። የበልጉ ዝናብ አንዴ ጣል፣ አንዴ ተወት እያደረገ አፈሩን አለስልሶታል፤ ክረምቱም ሩቅ አይደለም። በዚህ ሰሞን በብዙ ቤት «ዘንድሮስ ጓሯችንን እናልማ» የሚል ሐሳብ ይነሳል። መሬቱ ይቆፈራል፣ ዘር ይገዛል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎመኑ ለምልሞ ጎረቤቱን ሁሉ ያስቀናል። ኅዳር ላይ ግን እዚያው ጓሮ ብትገቡ የምታዩት አረም፣ የተሰነጠቀ አፈርና አብቦ የደረቀ የጎመን ግንድ ነው። በሚቀጥለው ግንቦት ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል።

ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ጓሯችን ለምን ከጥቅምት አያልፍም? ዘሩ መጥፎ ነው፣ አፈሩ አርጅቷል፣ ውሃ ጠፋ እያልን ብዙ ምክንያት እንደረድራለን። ሁሉም እውነትነት አላቸው። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። ስንጀምር «ምን ያህል መሬት አለን?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «ማታ ደክሞት የሚገባው ማን ነው? ጄሪካኑን የሚያነሳው ማን ነው?» ብለን አንጠይቅም። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ እናት። ቀን ሥራ ውላ፣ ማታ ወጥ ሠርታ፣ የልጆች ደብተር አይታ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጓሮ እንድትወጣ ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ጓሮ ብዙ አይቆይም፤ ቢቆይም እሷን ጎድቶ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዕቅድ የምናወጣው ከቤተሰቡ ሁሉ ይበልጥ በሚደክመው ሰው አቅም ልክ ይሆናል።

እስቲ ውሃውን በቁጥር እንየው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋማ ቦታ፣ በበጋ ወራት፣ ደርሶ የሚቀጠፍ ጎመን ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ብናዘጋጅ በቀን ከ12 እስከ 15 ሊትር ማለት ነው። ይህ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ያነሰ ነው፤ አንድ ሰው ሳይማረር ይሸከመዋል። መደቦቹ አራት ከሆኑ ግን በየቀኑ ሦስት ጄሪካን ሊሞላ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለምግብና ለልብስ የሚሆነው እንኳ በመከራ በሚጠራቀምበት ቤት፣ ሦስት ጄሪካን ለጎመን ማን ይሰጣል? በነሐሴ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ውሃውን ሰማይ ይሰጣል። ጓሮውን በክረምቱ ልክ አስፍተን ለበጋው የምንቸገረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አንድ መደብ ብቻ ጀምሩ ነው። በ3 ካሬ ሜትር ላይ ጎመኑን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ብትተክሉ ወደ 18 እግር ይይዛል። የሐበሻ ጎመን ከሥር ከሥሩ እየተቀጠፈ፣ ከላይ አራት አምስት ቅጠል እየተተወለት ለወራት የሚያበላ ተክል ነው። ሳይንሱ ብራሲካ ካሪናታ ይለዋል፤ መነሻው የእኛው ደጋ ነው፤ ብርዱንም ዝናቡንም ያውቀዋል። አሥራ ስምንት እግር ጎመን በደንብ ከተያዘ አንድ መካከለኛ ቤተሰብ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ከገበያ እንዳይገዛ ያደርጋል። አንዱን ወይም ሁለቱን እግር ቢጫ አበባ አውጥቶ ዘር እስኪይዝ ተዉት። ዘሩ ለከርሞ ይሆናል፤ የተረፈው ደግሞ እናቶች እንደሚያውቁት ምጣድ ማሰሻ ነው።

ውሃውን ከየት እናምጣው? ከጣራ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የቤታችሁ አንድ ጎን ቆርቆሮ 20 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በአሸንዳው የሚወርደው ወደ 200 ሊትር ይጠጋል፤ አንድ በርሜል ሞላ ማለት ነው። አሥር ሚሊ ሜትር በክረምት ብርቅ አይደለም። አንድ በርሜል ውሃ ያንን ባለ 3 ካሬ ሜትር መደብ ሁለት ሳምንት ያህል ያጠጣል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ እሱን ልቀቁት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙ። በርሜሉ ሁልጊዜ ክዳን ይኑረው፣ ክዳን ከሌለው በወፍራም ጨርቅ ወይም በወንፊት ሽቦ ይታሰር። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባሉት የትኩሳት በሽታዎች ብዙ ሰው አልጋ ላይ ጥለዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። ቆላና ወይና ደጋ ያላችሁ አድማጮች በተለይ ልብ በሉ።

ምስርና ሩዝ የታጠበበት፣ ሽንኩርትና ድንች የተለቀለቀበት ውሃም ለጓሮ ይሆናል። ልብስ የታጠበበትን ግን ተዉት። የልብስ ሳሙናው ዱቄት ጨው አለው፣ እየዋለ ሲያድር አፈሩን ያበላሻል። በረኪና ያለበትማ ለምንም ተክል አይጠጋ።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ስለ ሥራ ክፍፍሉ። ሰፈራችን ውስጥ የማውቀውን አንድ ቤት ልንገራችሁ። እናትየዋ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ሰርቪስ ላይ መሆን አለባት፣ የምትመለሰውም ከመሸ ነው። ባልየው የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ሌሊት ይሠራል፣ አንድ ሌሊት ያርፋል። ሁለት ልጆችና የባልየው እናት አሉ። ጓሮው መጀመሪያ የእሷ ሐሳብ ስለነበር «የእሷ ሥራ» ሆኖ ቀረ። ከተማው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ባትሪ ይዛ ጎመን ስታጠጣ አይቻታለሁ። አንድ ሰሞን ልትተወው ወሰነች። ያን ጊዜ ቤቱ ቁጭ ብሎ ተነጋገረ፤ የተስማሙበትም በጣም ቀላል ነገር ነበር። ባልየው ከሌሊት ሥራ ሲመለስ፣ ከመተኛቱ በፊት ሩብ ሰዓት ያጠጣል፤ ያ ሰዓት ደግሞ ለተክሉ ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ገና አልበረታም፣ ውሃው ወደ ሥር ይዘልቃል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ችግኞቹን ክዳኑ በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ያርከፈክፋሉ፤ የማእድ ቤቱን ልጣጭ ወደ ጉድጓድ የሚወስዱትም እነሱ ናቸው። አያትየው ተባይ ይለቅማሉ፣ የሚቀጠፈውንም ይመርጣሉ። የእናትየዋ ድርሻ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ሆነ፤ እሷም የምትወደውን መትከሉንና መኮትኮቱን መረጠች።

የእያንዳንዱ ቤት ሁኔታ ይለያያል፤ ይህን ድልድል እንዳለ ቅዱ አልልም። ቁም ነገሩ ሥራው በስም መታደሉ ነው። «ሁላችንም እናጠጣለን» የተባለ ጓሮ ማንም ሳያጠጣው ይውላል። የቤት ሠራተኛ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ ጓሮውን በዝምታ እሷ ላይ አትጨምሩባት። ልጅ ይዛ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ የዋለች ልጅ ናት። ጓሮው የሥራዋ አንድ ክፍል ከሆነ ከሌላው ሥራ ይቀነስላት፣ ደመወዟም ያንን ያስብ።

ወደዚያ ቤት ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት ያጋጠማቸው ነገር ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል። ሰኔ ላይ በርከት ያለ ቲማቲም ተክለው ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፍሬ ይዞ፣ ቅርንጫፉ ጎብጦ፣ ልጆቹ «ነገ ይቀላል» እያሉ ሲጠብቁት አንድ ሳምንት ዝናቡ ሳያባራ ቀጠለ። እናትየዋ አንድ ማታ ስትገባ ቅጠሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠውልጓል። «እማማ፣ ቲማቲሙ ምን ሆነ?» ብትል፣ አማቷ «የኔ ልጅ፣ ትናንት ደህና ነበር እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህ በሽታ እንደዚያ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ ጠባሳ ይወጣል። በማለዳ ቅጠሉን ገልበጥ ብታደርጉት በጠባሳው ዙሪያ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነጭ ነገር ታያላችሁ። ከዚያ ግንዱ ይጠቁራል፤ ፍሬውም አረንጓዴ እንደሆነ ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲገናኙለት በጥቂት ቀናት ውስጥ መደቡን ሁሉ ይጨርሳል። ድንችንም የሚያጠቃው ይኸው በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ የድንቹን ምርት አጥፍቶ ያንን ታላቅ ረሃብ ያስከተለው እሱ ነው።

እንግዲህ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ቲማቲም የክረምት ተክል አይደለም። ዘሩን በነሐሴ መጨረሻ ከዝናብ በተጠለለ ጣሳ ወይም ሳጥን ውስጥ አፍሉት፤ መስከረም ሲገባደድ ወደ መደብ አዛውሩት። ፍሬው በታኅሣሥና በጥር ይደርሳል፣ ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የሚያሰጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ስለዚህ ቀን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ከሚለቅ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሥር ትከሉት፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ሲመጣ በኬሻ ሸፍኑት። እንደ ደብረ ብርሃን ውርጭ በሚበረታበት አገር ግን ለጓሮ ቲማቲም ባትደክሙ ይሻላል። በሁሉም ቦታ፣ ተክሉን በእንጨት ደግፉት፣ መሬት የሚነኩ ቅጠሎቹን አንሱለት፣ ውሃውንም ከሥሩ እንጂ ከላዩ አታፍስሱበት። ማታ ከሥራ ተመልሳችሁ የምታጠጡ ከሆነ ይህ የመጨረሻው ነገር እጥፍ ዋጋ አለው፤ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ በሽታውን በእጃችሁ እየጠራችሁት ነው።

ለክረምቱ የሚሆኑት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት ናቸው። ቆስጣ እንደ ጎመን ከውጭ ከውጩ ይቀጠፋል፣ የመሃሉ ልብ ካልተነካ ደጋግሞ ይሰጣል። የቀይ ሥር አንዱ ዘር በውስጡ ብዙ ዘር ስለያዘ በአንድ ቦታ ሦስት አራት ሆኖ ይበቅላል፤ አንዱን ትታችሁ ሌላውን ንቀሉት፣ ለጋ ቅጠሉም ይበላል። ካሮት መዛወር አይወድም፣ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራ።

ጊዜ ጨርሶ የሌላችሁ ደግሞ ከጎመንም በፊት በጤና አዳም፣ በኮሰረት፣ በበሶብላና በጦስኝ ጀምሩ። ጤና አዳምና ኮሰረት አንዴ ከያዙ ለዓመታት የሚቆዩ ናቸው፤ ተረስተው ቢሰነብቱ እንኳ በቀላሉ አይሞቱም። ጠዋት ለቡና አንድ ዘለላ ጤና አዳም፣ ቅቤ ሲነጠር አንድ እፍኝ ኮሰረት ከደጃፍ መቁረጥ ቀላል የሚባል ደስታ አይደለም፤ ኪስንም ያግዛል።

መደቡን የት እናድርገው? ለማእድ ቤት በር በጣም ቅርብ የሆነው ቦታ ላይ። በዚህ ነገር የእንሰት ባህል ካላቸው ሕዝቦቻችን የተሻለ አስተማሪ የለም። ጉራጌ፣ ሲዳማ ወይም ጌዴኦ ብትሄዱ እንሰቱ የሚቆመው ከቤቱ ጥግ ነው። የከብቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ ወደዚያ ለመድረስ ሩቅ አይሄድም፤ ሴቶቹም ከእሳቱ ብዙ ሳይርቁ ያዩታል፣ ይነካኩታል። ጌዴኦዎች እንሰቱን፣ ቡናውንና ትልልቁን ዛፍ በአንድ ላይ አስተባብረው የያዙበት መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በየቀኑ ዓይን የሚያርፍበት ተክል ችግሩ ቶሎ ይታወቃል። ግቢው ጫፍ ላይ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የተቆፈረ መደብ ግን ሰው የሚያስታውሰው ከደረቀ በኋላ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አድማጮች «እኛስ?» ትሉ ይሆናል። ለእናንተ ከሁሉ በፊት የሚመጣው የፀሐይ ጉዳይ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ አትሄድም። አዲስ አበባ ላይ በሰኔና በሐምሌ በቀትር የምትቆመው ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ ጎልቶ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ለበጋ ተክል ጥሩ ነው፤ በክረምት ግን ደመናው ባይኖር እንኳ ጥላ ይበዛበታል። ወደ ሰሜን የሚያየው በተቃራኒው በበጋ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም፤ እዚያ ቲማቲም አትሞክሩ። አንድ የእረፍት ቀን በረንዳችሁ ላይ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ተከታተሉ። ስድስት ሰዓት ካገኘ ቃሪያም ቲማቲምም ይሆናል፤ ሦስት አራት ሰዓት ካገኘ ቆስጣና ሰላጣ ይበቃዋል።

የተቆረጠ ጄሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ ኬሻ ሁሉም ይሆናሉ፤ ኬሚካል የነበረበትን ግን አትጠቀሙ። ከታች ቀዳዳ ይኑረው፣ አለዚያ ሥሩ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይበሰብሳል። የሚፈሰው ውሃ ታች ያሉትን ጎረቤት ልብስ እንዳያበላሽ ከሥሩ ሳህን አድርጉለት፤ የጎረቤት ነገር ከቲማቲም ይበልጣል። ክብደቱንም አስቡት። ሃያ ሊትር እርጥብ አፈር 30 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ከባዶቹን በግድግዳው ጥግ እንጂ በበረንዳው ጠርዝ አትደርድሩ፤ ብረቱ ላይ መስቀልማ የልጆች ሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለ ኮምፖስት ትንሽ ልበል። ግንቦት ላይ የተጀመረ ኮምፖስት ለመስከረም ተከላ ይደርሳል። ርጥብና ደረቅ ነገር እያፈራረቃችሁ ደርቡ፤ የጎመን እንጨት፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የጫት ገረባ በአንድ ወገን፤ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባና የተቀደደ ካርቶን በሌላ ወገን። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት የነካው ነገር አይግባ፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። በእፍኛችሁ ይዛችሁ ስትጨምቁት እጅን አርጥቦ የማይንጠባጠብ ከሆነ እርጥበቱ ልክ ነው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይገላበጥ። በክረምት ደግሞ በላስቲክ ይሸፈን፤ ዝናብ ከገባበት አየር አጥቶ ይገማል፣ ጎረቤትም ያማርራል። የዶሮ ኩስ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ትኩሱን ግን ተክል ሥር አታድርጉ፣ ያቃጥለዋል። በኮምፖስቱ ውስጥ ሰንብቶ ይውጣ።

ዶሮ ካነሳን፣ የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሃ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ በየከተማው ጥቂት እንቁላል ጣዮች የያዘ ቤት በርክቷል። መልካም ነው። ሁለት ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ፈንግል የሚባለው በሽታ አንዴ ከገባ ቤቱን ባዶ ያደርጋል፤ ክትባት ስላለው ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ሁለተኛው አጥር ነው። አጥር የሌለው ጎመንና የተለቀቀ ዶሮ በአንድ ግቢ አይኖሩም።

ወደ ተባይ እንምጣ። በበጋ ጎመን ላይ የሚያስቸግረው ክሽክሽ ነው፤ በቅጠሉ ሥርና በመሃሉ ለጋ ላይ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ሲታይ በእጅ ማሸት፣ በጣም የተጎዳውን ቅጠል መንቀል ይበቃል። ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ከቅጠሉ ሥር ርጩት። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ትንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ አትግደሏት፣ እሷ ክሽክሹን የምትበላ አጋራችሁ ናት። ከጉልት በስም የለሽ ብልቃጥ የሚሸጥ መድኃኒት ግን በፍጹም ጓሯችሁ አይግባ። መጠኑን፣ ምንነቱን፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ የሌለው ነገር ልጆቻችን የሚበሉት ቅጠል ላይ መረጨት የለበትም።

በእርግጥ ከጓሮ የመብላት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምን እንደጠጣ የምታውቁት ቅጠል መብላት። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚመረተው አትክልት የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ስለሚጠጣ ጎጂ ብረቶች እንደተገኙበት ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። እንዲህ ያለው ብረት በቅጠሉ ውስጥ ያለ ስለሆነ በማጠብ ብቻ አይለቅም። ያንን የሚገዛ ሰው ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ይህ ጉዳይ የእያንዳንዱ እናት ጥንቃቄ ብቻ የሚፈታው አይደለም፣ የከተማው አስተዳደር ኃላፊነት ነው። የጓሮውም ቢሆን በጥሬው የሚበላው ሰላጣ በንጹሕ ወራጅ ውሃ ቅጠል በቅጠል ይታጠብ።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ከዚህ ብዙ ርቀን እንገኛለንና ጎመኑ ቢያንስ በደንብ ይሠራ። ብዙ ሰዓት አይቀቀል፤ ቫይታሚን ሲው ይጠፋል። ትንሽ ዘይት ይንካው፤ ለዓይን የሚጠቅመውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ሰውነት የሚቀበለው ከቅባት ጋር ነው። ሲቀርብ ሎሚ ጨመቅ ቢደረግበት በውስጡ ያለው አይረን ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። ነፍሰ ጡር በቤቱ ካለች ደግሞ፣ ከምሳ ላይ ተነስቶ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ያንኑ አይረን ስለሚያስቀር አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይላት መልካም ነው። ቡናውን አስቀሩ አላልኩም፤ ምሳው ረጋ ይበል ብቻ ነው ያልኩት።

የቀረችኝ አንዲት ነገር አለች፤ ቤት ተዘግቶ የሚኬድባቸው ቀናት። ለቅሶ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ ለፋሲካ አገር ቤት ይኬዳል። የአንድ ሳምንት የበጋ ፀሐይ የሦስት ወር ልፋት ያደርቃል። ከመሄዳችሁ በፊት መደቡን በደንብ አጠጡና ደረቅ ሳር ወይም ገለባ ጎዝጉዙበት፤ ጉዝጓዙ በሌላ ጊዜም ቢሆን ውሃችሁን በእጅጉ ይቆጥባል። ክዳኑ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ በየተክሉ ሥር ዘቅዝቃችሁ ትከሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጎረቤት ነው። ቁልፍ ስትሰጡ «ውሃ አጠጡልን» ብቻ አትበሉ፤ «የደረሰውን ጎመን ቅጠፉና ብሉት» በሉ። ጎመን ሲቀጠፍ ነው የሚያቆጠቁጠው፤ ጎረቤትም የሚበላበትን መደብ አይረሳም። እናንተም በተራችሁ የነሱን ትጠብቃላችሁ።

አሁን በዚህ ሳምንት የሚሠራውን ልንገራችሁና ላብቃ። የጎመን ዘር አዘጋጁ። በአንድ ሰፋ ያለ ሳጥን ወይም በመደቡ ጥግ ላይ አፈር አድቃችሁ፣ በቀጭን መስመር፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሳይጠልቅ ዝሩት፤ ዘሩን አታጭቁት። በላዩ ስስ ሳር ጣል አድርጉበት፣ ሲበቅል ሳሩን አንሱለት። በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ በአራትና በአምስት ሳምንት መሃል፣ ክረምቱ ጥሎ አፈሩ ረጥቦ ይጠብቃችኋል፤ ያን ጊዜ በመሸ ጊዜ አዛውሩት። ለዐቢይ ጾም የሚሆናችሁን ደግሞ ኅዳር መጀመሪያ ላይ እንደገና ትዘራላችሁ፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን ቅጠሉ ከደጃፍ እንዲቀጠፍ። ከመዝራታችሁ በፊት ግን ዛሬ ማታ እራት ላይ አንድ ወረቀት አውጡ፤ ጠዋት የሚያጠጣው ማን እንደሆነ፣ ልጣጩን የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ቅዳሜ የሚኮተኩተው ማን እንደሆነ ስማችሁን ጻፉና ማእድ ቤቱ በር ላይ ለጥፉት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ችግኝ ቆራጭ ትልን በምን እንደምንከላከል ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)